የጀጎል ሌሊት ከጅቡ ይሰፋል

ከደገሀቡር ተነስቶ በጅግጅጋና በባቢሌ በኩል ሐረር የሚገባ መንገደኛ፣ ሲመሽ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ጅብ ሲበላ አየህ?» በባጃጅ ከጥንታዊው ከተማ ከጀጎል ግንብ ውጭ ይወሰዳል፤ በእንጨት ጫፍ ሥጋ ያጎርሳል፤ ፎቶ ተነስቶ ሆቴሉ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎል ሳይረግጠው ያድራል።

ይህ ያሳዝነኛል። ጅቡ አይታይ ማለቴ አይደለም። ሐረሪዎች ከጅብ ጋር የተስማሙበት ሥርዓት ድንቅ ነው፤ በግንቡ ሥር ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ትተዋል፤ በአሹራ በዓል ገንፎ አቅርበው፣ ከአበላሉ የመጪውን ዘመን ዕጣ ይገምታሉ። ይህን ግን ቀዳዳው አጠገብ ቆሞ የሚተርክ ሰው ከሌለ እንግዳው የሚያየው አውሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ የማታው ጉብኝት በእግር ይሁን፤ እንግዳው ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ይግባ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ግንብ በእጅ እየዳሰሱ፣ ቀን የልብስ ስፌት መኪና በሚያንኳኳበት መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል ሲያልፉ፣ ጸጥታው ራሱ ይመስጣል። ከቤቶቹ የዕጣን ሽታ ይመጣል። ሐሙስ ማታ ከሆነ ከአው አባዲር መቃብር የዚክሪው ከበሮ ይሰማል። እዚህ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ፤ ዚክሪ ጸሎት ነው። አስጎብኚው አስቀድሞ ያስፈቅድ፣ ካሜራው ይዘጋ፣ ድምፅም ዝቅ ይበል። ሰው የተኛበት ሰፈር ነውና።

መሪዎቹ እዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ያደጉ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ገቢውም ግቢያቸውን ከፍተው ቁጢ፣ ማለትም የቡና ቅጠል ሻይ፣ ለሚያቀርቡ እናቶች ይድረስ። ጀጎል ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው፤ ነዋሪው ካልተጠቀመ ጉብኝቱ ሸክም ይሆንበታል።

ደገሀቡራችንም ቀኑ ስለሚያቃጥል የምትደምቀው ሲመሽ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ እስክትወድቅ ድረስ የደጃዝማች ነሲቡ ጦር የተከላከለላት ከተማ ናት። ከሻይ ቤት ሻይ ቤት እየተዘዋወሩ ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሽማግሌዎችን ወጣቶቻችን ይጠይቁ፤ የሰሙትንም ይመዝግቡ።

ከደገሀቡር ወደ ሐረር የምትሄዱ ወገኖች ደግሞ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙና በእግራችሁ ግቡ።