ቀለሁ ዝም ስላለ ጥይቱ ደኅና ነበር ማለት አይደለም

በአሜሪካ ጥይትን በቤት ውስጥ መሙላት የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ተኳሹ የተተኮሰበትን የናስ ቀለህ ያነሣል፤ በግርጌው አዲስ ካፕሱል፣ በሆዱ ባሩድ፣ በአፉ አረር ያስገባበትና መልሶ ይተኩሰዋል። እኔን እንደ ፊዚክስ መምህር የሚያሳስበኝ፣ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ «ይህ ጥይት ለሪቮልቨሬ አያሰጋም» ከሚል ፍርድ ላይ የሚደርሱበት መንገድ ነው።

ሞልተው ይተኩሱና ቀለሁን ይመረምራሉ። ካፕሱሉ ካልተደፈጠጠ፣ ቀለሁም ከሲሊንደሩ ሳያስቸግር ከወጣ፣ ግፊቱ በልኩ ነበር ይላሉ። ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው ባይ ነኝ።

የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ለ38 ስፔሻል ጥይት የወሰነው መደበኛ የግፊት ጣሪያ 17,000 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች (117 ሜጋፓስካል ገደማ) ሲሆን፣ ለ357 ማግነም ግን 35,000 ነው። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ውፍረታቸው አንድ ነው፣ የማግነሙ ቀለህ የሚረዝመው በ3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማግነሙ በ35,000 ተተኩሶ ቀለሁ ጤናማ መስሎ ይወጣል። እንግዲህ የ38ቱ ቀለህ ጤናማ መስሎ ቢወጣ ምን ነገረን? ግፊቱ የተፈቀደውን እጥፍ ቢያህል እንኳ ናሱ ላይናገር ይችላል። ቁንጥር በርበሬ በጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ መርፌው ስላልተንቀሳቀሰ «በርበሬ የለም» እንደ ማለት ነው። ለ38 ብቻ የተሠራ አሮጌ ሲሊንደር ግን ያን ግፊት እንዲችል አልተሠራም።

ነገሩን የሚያከፋው የባሩዱ ጠባይ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ፈጥኖ ይነዳል፤ ፍጥነቱም ግፊቱን መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ባሩዱን እጥፍ ማድረግ ግፊቱን ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል። አረሩ ጥቂት ሚሊሜትር ጠልቆ ቢገባም የማቃጠያው ቦታ ስለሚጠብ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። 38 ስፔሻል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ ቀለሁን ለሚሞላ ጥቁር ባሩድ የታሰበ ነበር። የዛሬው ባሩድ ከሆዱ ጥቂቱን ብቻ ስለሚይዝ፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ሳይፈስ ይገባል።

ያለቀውን ጥይት መመዘንስ? ጥይቱ በሙሉ 15 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ባሩዱ ከ0.3 ግራም ብዙም አይርቅም። በአረሮችና በቀለሆች መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ብቻውን ይህን ሊውጠው ይችላል።

ግፊትን በትክክል የሚለካው በሺኛ ሰከንድ ውስጥ የሚያልፈውን ጫና ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ ክሪስታል ነው። ይህ በቤት የለም፤ በባሩድ አምራቾች ቤተ ሙከራ ግን አለ። ስለሆነም የአምራቹ ሠንጠረዥ ከግል ልምድ ይበልጣል፤ «ሃያ ዓመት ተኩሻለሁ» የሚለው ሰው የመሣሪያውን የመቋቋም ኅዳግ ሲበላ መኖሩን አያውቅም። የሚጠቅመው ምርመራ አረሩ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ማየት ነው። እጥፍ ሲሆን ከቀለሁ የሚፈስ ባሩድ መምረጥም ብልኅነት ነው፤ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል።

ከአፉ ከተዘጋ በኋላ የተጠረጠረ ወይም ማን እንደ ሞላው የማይታወቅ ጥይት ግን በመልኩ አይፈረድም። አረሩ ለዚሁ በተሠራ መዶሻ መሰል መሣሪያ ይነቀላል፤ የባሩድ ዓይነት በዓይን ስለማይለይም፣ የወጣው ባሩድ ወደ ሌላ ቀለህ አይገባም።