ለአስፐርገርስ አንድ ተጠያቂ የለም

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር አንድ ልጅ በጊዜው አፍ ካልፈታ፣ ወይም አፉን ፈትቶም ከሰው ጋር አልገጥም ካለ፣ ምክንያት ፍለጋው ወዲያው ይጀመራል። የሚገኘውም መልስ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ቡዳ፣ ዛር፣ የእናት ኃጢአት ወይም ከአያት የወረደ እርግማን። ሐኪም ቤት የደረሰው ወላጅም ቢሆን የሚጠብቀው አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት እንዲነገረው ነው። እኔ ግን አስፐርገርስ ሲባል ለኖረው ሁኔታ አንድ ሥነ ሕይወታዊ መነሻ የለም እላለሁ። ይህን ማወቅ ደግሞ ልጁን ለወለደችው እናት ትልቅ እፎይታ ነው።

ነገሩ በመንደር ምን እንደሚመስል ላስታውስ። ሰላም ሲሉት ፊቱን የሚያዞር፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚውል፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት መንገድ ከተቀየረበት የሚያለቅስ፣ የድምፅ ማጉያ ሲጮኽ ጆሮውን የሚደፍን ልጅ አለ። ያው ልጅ የሚመጡትን ዓመታት የአጽዋማትና የበዓላት ቀን አስልቶ ሳይሳሳት ሊናገር ይችላል። ዲማ ጊዮርጊስን በመሰለ የቅኔ አገር እንዲህ ያለው አእምሮ ቦታ ሊያገኝ በተገባ ነበር። ሰው ግን «ገገማ» ወይም «አመለኛ» ብሎት ያልፋል። ሃንስ አስፐርገር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ቪየና ላይ የጻፈው እንዲህ ስላሉ ልጆች ነበር፤ ስያሜውን ያስፋፋችው ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሎርና ዊንግ ናት፣ በ1981። ስያሜው በ1994 በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ገባ፣ በ2013 ደግሞ ወጥቶ ኦቲዝም በሚለው ሰፊ ስም ሥር ተጠቃለለ። የወጣበት ምክንያት ለክርክሬ ይጠቅመኛል፦ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ልጅ በአንዱ ክሊኒክ አስፐርገርስ፣ በሌላው ኦቲዝም ይባል ነበር። የሚለይ የደም ምርመራ የለም፣ የሚያሳይ የአንጎል ፎቶም የለም። ትኩሳት ከወባም ከታይፎይድም ከሳንባ ምችም ሊመጣ እንደሚችል ሁሉ፣ በጠባይ ብቻ ተለይቶ የተሰየመ ነገር ከአንድ ምንጭ መጣ ብሎ መገመት ከመጀመሪያውም አያስተማምንም ነበር።

ማስረጃውም ወደዚያው ያመራል። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ስመ ጥር የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ኦቲዝምን የሚያመጣው የእናት ፍቅር ማጣት ነው ይሉ ነበር። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። አንድ ዓይነት ከሆኑት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ አልተያዙም። የእናት ጥፋት የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ መቆሚያ አጣ። በ2019 ከአምስት አገሮች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆችን የተመለከተ ጥናት የውርስን ድርሻ 80 በመቶ ገደማ አደረሰው። እንግዲያው አንዱ ምክንያት ዘረመል ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት ከ35 ሺህ በላይ ሰዎችን የመረመረ ቡድን ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ዘረመሎችን ነው ያገኘው፤ ከእነዚህ ማንኛቸውም ለብቻው ከታማሚዎቹ ጥቂቱን እንጂ አያብራራም። በእርግጥ ራት ሲንድረምን የመሰሉ፣ መነሻቸው አንድ ዘረመል እንደሆነ የታወቀ ሁኔታዎች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ ተለይተው ሲወጡ የቀረው ብዙኃኑ አሁንም የብዙ ነገሮች ድምር ነው። ከውርስ ውጭም ቢሆን በእርግዝና ወቅት የሚወሰድ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አጋጣሚውን እንደሚጨምር ታውቋል። (ይህን መድኃኒት የምትወስድ እናት ሐኪም ሳታማክር በራሷ ማቆም የለባትም።)

በጎጃም ውርስ የሚለው ወሬ ሌላ አደጋ አለው። ለጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ቤቱ የሚጥል በሽታ፣ ቁምጥና ወይም ቡዳ እንደሌለበት ይጣራል። ኦቲዝም በዘር ይወረሳል ሲባል የልጁ እህቶችም ሳያገቡ እንዳይቀሩ የሚሰጋ ወላጅ አይታማም። ይሁንና ከኦቲዝም ጋር ከተያያዙት ዘረመላዊ ለውጦች አንዳንዶቹ ከእናትም ከአባትም ያልመጡ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተከሰቱ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው በጣም ትንሽ ኃይል ያላቸው፣ በሁላችንም ውስጥ ያሉ ልዩነቶች ናቸው። የትኛውም የዘር ማጣራት ይህን አይዝም፤ «ንጹሕ» የሚባል ቤትም የለም።

አንድ ተጠያቂ የመፈለግ ዋጋ በአገራችን ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚንከባከቡ 102 ሰዎችን የጠየቀ ጥናት፣ 40 በመቶ ያህሉ ልጁን መንፈስ ይዞታል እንደሚሉ፣ 27 በመቶ ያህሉም ኃጢአትን በምክንያትነት እንደሚያነሱ አሳየ። ከአስሩ አራት ከግማሽ የሚሆኑት ያፍራሉ፤ ከአራቱ አንድ ያህሉ ሁኔታውን ለመደበቅ ይጥራሉ። ልብ በሉ፣ ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት የጭንቅላት ጉዳትንም፣ አስቸጋሪ ወሊድንም ጠቅሰዋል። ሳይንሱን አላጡትም፤ የሚከብዳቸው ውስጣቸው የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የገጠማትም ይኸው የተደበቀ ልጅ ብዛት ነበር።

«ምክንያቱ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይገኝ፣ ታዲያ ምን ይረባናል?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። አንዱን ምክንያት አገኘሁ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይተናል፦ በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም 12 ልጆችን ይዞ ኦቲዝምን ያመጣል ብሎ ክትባትን ከሰሰ፣ ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ፣ በዴንማርክ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናትም ክሱን ውድቅ አደረገው። በመካከሉ ግን ወላጆች ከክትባት ሸሹ፤ ኩፍኝም ተመልሶ ልጆችን ያዘ። ልጁን ለመርዳት መንስኤውን ማወቅ ግድ አይደለም። ቋንቋን በሥዕል ማስተማር፣ የቀኑን ሥርዓት አስቀድሞ መንገር፣ ጸጥ ያለ መቀመጫ መስጠት፣ ዛሬውኑ ይሠራሉ። ጠበል መሄድም የእምነት ጉዳይ ነው፣ አልቃወመውም፤ የምቃወመው ልጁን በሰንሰለት ማሰርን፣ መደብደብንና ከትምህርት ቤት ማስቀረትን ነው።

ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቢቸናና የሞጣ መምህራን፣ የንስሐ አባቶች፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይዛ የምትመጣን እናት «ምን አድርገሽ ነው?» ብላችሁ አትጠይቋት። ልጁ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው ጠይቋት፤ ልጇንም ክፍል ውስጥ አስቀምጡላት።