ርግቧን አንጠላም፤ ቤቱን ግን እንጠብቃለን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአንድ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ቅኔ ማኅሌቱን ሲያጸዱ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ርግቦቹ የሚገቡበትን እንዝጋ» ሲል ሌላው «የመንፈስ ቅዱስን ምሳሌ ከቤተ እግዚአብሔር ታባርራላችሁን?» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥቂት ስንዴና መርዝ ይበቃል» አለ። የተቆጣውም መርዝ ያሰበውም ተሳስተዋል።

መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ በርግብ አምሳል መውረዱን እናምናለን። ነገር ግን ምሳሌውን ማክበር ኩሱን በሥዕለ ማርያም ላይ እስከ መታገሥ አያደርስም። ጌታችን ርግብ ሻጮችን ከነርግባቸው ከመቅደስ እንዲወጡ ማዘዙ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ርግቦቹ በድለው አልነበረም፤ የቤቱ ክብር ግን ቀደመ።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የርግብ ኩስ አሲድና ጨው ስላለበት እርጥበት ሲያገኘው ድንጋይን ይበላል፣ ቆርቆሮን ያዝጋል። በጨርቅ ተሥለው በመቅደሱ ግድግዳ የተለጠፉ ሥዕላት አንዴ ከተበላሹ የቀደመ መልካቸው አይመለስም። በደረቀ ኩስ ውስጥ የሚያድጉ ሻጋታዎችም በአቧራ መልክ ወደ ሳንባ ገብተው ሰውን ያሳምማሉ።

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ሥርዓተ ንግሣቸውን የፈጸሙባት እንጦጦ ማርያም፣ በየካ ተራራ ከዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል፣ እነዚህን የመሰሉ ቅርሶች ሁሉ ከአባቶቻችን የተቀበልናቸው አደራዎች ናቸው። አደራ የተቀበለ ሰው «ወፍ አበላሸው» ብሎ አያመካኝም።

መርዝ ያሰበው ወንድማችንም ይስማን። በደጋችን ገደሎችና ሕንፃዎች የምትኖረው፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ ዓለም አትገኝም። መርዙ እርሷን ገድሎ አይቆምም፤ በድኗን የበላውን አሞራም ይገድላል። መሥዋዕት በሚሠዋበት ቅጽር ውስጥ የሞት ወጥመድ መዘርጋት ነውር ነው።

ሌላው ስሕተት በመልካም ሐሳብ የሚሠራው ነው። ቀዳዳውን ሁሉ በሲሚንቶ መድፈን፣ መስኮቱን በቆርቆሮ መሸፈን ቤቱን ያፍነዋል፤ እርጥበቱን በግድግዳው ውስጥ ያስቀራል። በላሊበላ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከዝናብ መከላከያ ተብለው የቆሙት ግዙፍ ከለላዎች ራሳቸው ሥጋት ሆነው ካህናቱንና ነዋሪውን ማስጨነቃቸው ይታወሳል። ጥበቃው ከሚጠበቀው ቅርስ በላይ ጎልቶ ከታየ ምኑን ጥበቃ ሆነ?

መልካሙ ሥራ የማይታየው ነው። በጣራው ክፈፍ ሥር፣ ጥላ በሚያርፍበት፣ የድንጋዩን ቀለም የመሰለ መረብ ይዘርጋ። የመረቡ ቀዳዳ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይስፋ። ማሰሪያው የማይዝግ ብረት ይሁን፤ በድንጋዩ ላይ ሳይሆን በመገጣጠሚያው ልስን ላይ ይተከል። ከመዝጋታችን በፊት እንቁላልና ጫጩት መኖሩን እንመልከት፤ ካለ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ እንታገሥ። የደረቀውን ኩስ በደረቁ አንጥረግ፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ውኃ አርከፍክፈን እንፈሰው። ሥዕል ባለበት ግን ውኃም መጥረጊያም ሳናቀርብ ለባለሙያ እንተው። መረቡም በየዓመቱ ይፈተሽ፤ የተቀደደ መረብ ወፍ ይይዛል።

በቅጽሩ ውስጥ ጥሬ የምንበትን ምእመናንም ርግቦቹን የምንጠራቸው እኛው መሆናችንን አንርሳ። ቬኒስ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ርግብ መቀለብን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የከለከለችው ለዚህ ነው። ያ እፍኝ እህል በደጀ ሰላም ለተቀመጠው ነዳይ ቢሰጥ ምጽዋት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቅን ወጣት ፈቃድ ብቻ የሚጀመር አይደለም። አስቀድሞ የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤው ይወቁት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእንክብካቤ ሥራ ከባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ፈቃድ ሳይገኝ መሰላል አይቁም።

እኅቶችና ወንድሞች፣ በየበዓሉ ለምንጣፍና ለመጋረጃ ገንዘብ እናዋጣለን። ዘንድሮስ ለማይታየው መረብ ብናዋጣ ምን ይለናል? ስማችን አይጻፍበትም፤ ሥዕላቱ ግን ለልጆቻችን ይተርፋሉ፤ ርግቧም በገደሏ በሰላም ትኖራለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።