ሰላጣ ለጾም ገበታ

«ሰላጣ አያጠግብም» የሚለው ቃል በጾም ወራት በብዙ ቤት ይሰማል። አባት ከሥራ፥ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቲማቲም በቀይ ሽንኩርትና በቃሪያ ተከትፎ ይቀርብላቸዋል፤ በልተው በተነሡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን እንደ ገና ይርባቸዋል። ቃሉ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የሰላጣ አይደለም። ከ100 ግራም ቲማቲም ውስጥ 94 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ውኃ የበላ ሰው እንዴት ይጠግባል?

ይህ ነገር በመቂ ለሚኖር ቤተሰብ ይልቁን ያስቆጫል። ከጉራጌ ተራሮች ወርዶ ዝዋይ ሐይቅ የሚገባው የመቂ ወንዝ፥ ሐይቁም ራሱ፥ በመስኖ የሚያጠጡት መስክ ቲማቲም፥ ሽንኩርት፥ ጥቅል ጎመን፥ ቃሪያና ፎሶሊያ ያበቅላል። ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ በበጋው ወራት ስለ ሆነ አትክልቱ በደጃችን ነው። ዋጋው የወደቀ ጊዜ ቲማቲም በየሣጥኑ ሲበሰብስ እናያለን፤ በዚያው ሳምንት የቤታችን ገበታ ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ዓይነት ነው። ነጭ ቦሎቄም ከስምጥ ሸለቆ ገበሬዎች ጎተራ እየወጣ ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል፤ በአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ አዋሽ 1 ያሉትን የቦሎቄ ዘሮች ለገበሬው አውጥቶአል። እኛ ግን ቦሎቄ ለንፍሮ ብቻ የተፈጠረ እናስመስለዋለን።

በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ለ10 ቀን የተፈተኑት ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ የለመኑት ምግብ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጥራጥሬ ተብሎ ተተርጉሞአል። የሰላጣችንም ጉድለት ይኸው ነው፤ ቅጠሉ አለ፥ ጥራጥሬው የለም። በ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ይገኛል፤ ይህም ሰውነትን የሚገነባው ክፍል ነው።

ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ይበቃል። ሌሊቱን በብዙ ውኃ ተነክሮ ያድራል፤ በማግሥቱ ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ውኃ በኃይል እየተንተከተከ፥ አንዱ ፍሬ በሁለት ጣት መካከል እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል። በዚህ ነገር ቸልታ አይገባም፤ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ፥ በተለይ ቀዩ፥ ሆድን የሚያውክ መርዝ አለበትና። ከእሳት እንደ ወረደ፥ ውኃው ተጠንፍፎ ገና ትኩስ ሳለ፥ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፥ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እስኪቀዘቅዝ ቆይቶ ያጣፍጠዋል። ትኩስ ጥራጥሬ ቅመሙን ወደ ውስጡ ይጠጣል፤ የቀዘቀዘው ግን በላዩ ብቻ ይቀባል። ለድንችም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ የተከተፈው ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨመራል፤ ቲማቲሙ ውኃ እንዳያንዠቀዥቅ ገበታ ሲቀርብ ብቻ ይግባ። የሽንኩርቱን ኃይል የማይወድ ሰው በጨው አሽቶ ይለቅልቀው። ከሳሕኑ በታች የቀረው የቲማቲምና የሎሚ ጭማቂ አይደፋ፤ የደረቀ እንጀራ ቢፈተፈትበት ከሰላጣው ይልቅ የሚወደድበት ቀን አለ።

ሎሚው ለጣዕም ብቻ የገባ አይደለም። በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይቀበለውም፤ ሎሚና ቲማቲም ግን ያግዙታል። ሻይና ቡና ደግሞ ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ካሮት ሲፈቀፈቅም ጥቂት ዘይት ያስፈልገዋል፤ ዓይንን የሚጠቅመው ነገር ያለ ቅባት ወደ ደም አይገባም።

ሰላጣ የሚለው ስም ከባሕር ማዶ የመጣ፥ ሥሩም በላቲን ቋንቋ ጨው ማለት ነው። ግብሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዚፋ ምንድን ነው? ድፍን ምስር ተቀቅሎ ቀዝቅዞ፥ በሽንኩርት፥ በቃሪያ፥ በሎሚና በሰናፍጭ የተለወሰ ሰላጣ አይደለምን? በግብፅ ያሉት ወንድሞቻችን ቅብጦችም በጾማቸው ባቄላውን በሎሚ፥ በከሙንና በዘይት ይበላሉ። ሱፍም አለን፤ ተቆልቶና ተወቅጦ፥ በውኃ በጥብጠው በጨርቅ ሲያጠሉት እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። ይህን በነጭ ሽንኩርት፥ በቃሪያና በሎሚ አጣፍጠው በቀጭኑ በተከተፈ ጥቅል ጎመን ላይ ያፍስሱት። ጎመኑ አስቀድሞ በጨው ታሽቶ ውኃው ይጨመቅ። ከፈረንጅ ጠርሙስ የሚቀዳውን ማጣፈጫ ገዝቶ ከማፍሰስ ይህ እጅግ ይበልጣል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ዕንቁላል መኖር አለመኖሩንም የሚመረምር ጥቂት ነው። ቀይ ሥር ከነልጣጩ ይቀቀል፤ ከሌላው ጋር የሚደባለቀውም በመጨረሻ ነው፥ አለዚያ ሁሉን ያቀላዋል።

«የጾም ምግብ ከጣፈጠ ጾምነቱ በምኑ ላይ ነው?» የሚሉ አረጋውያን አሉ፤ ተግሣጻቸውም ከንቱ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ጾም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል እንደ ሆነ፥ ይኸውም የሥጋ ፍትወት ለነፍስ እንዲገዛ መሆኑን ያስተምራል። በጾም ቀን ሰባት ዓይነት ወጥ የሚደረድር ቤት ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ነገር ግን ቦሎቄ በሎሚ ቅንጦት አይደለም። የመስኖ ቦይ ሲቆፍር ውሎ እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው ቲማቲም ብቻ ቢቀርብለት፥ ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ ጾሙን ሊተው ይችላል፤ እንዲህም የተዉ አሉ። በአስተማሪነቴ እንደማየው፥ በከሰዓቱ ፈረቃ ራሳቸውን በጠረጴዛ ላይ የሚጥሉት ልጆች ሁሉ ሰነፎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ጾመው የዋሉ፥ ትናንት ማታም በቂ ምግብ ያላገኙ ናቸው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷና ከሐኪም ጋር ትማከር።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ልጨምር። በመስኖ የበቀለ ቅጠል ከወንዝ ውኃ ጋር የወስፋትን ዕንቁላል ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሎሚና ኮምጣጤ ይገድሉታል ብሎ መተማመን አይገባም። ቅጠሉ አንድ በአንድ ተገንጥሎ በንጹሕ ውኃ እየታሸ ደጋግሞ ይታጠብ፤ ውኃው የሚያጠራጥር ከሆነ አስቀድሞ ይፍላ። ለሕፃናት ፎሶሊያውንና ጎመኑን ቀቅሎ ማቅረብ ይሻላል። በጓሮው የሚያመርትም ሰው የተባይ መድኃኒት ከረጨ በኋላ በዕቃው ላይ የተጻፈው የቀን ቍጥር ሳይሞላ አይቅጠፍ፤ መታጠብ ሁሉን አያስለቅቅምና።

የመቂ ሙቀት የተቀቀለ ጥራጥሬ አያሳድርም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የዕለቱን ብቻ ይቀቅል፤ ለነገው የሚሆነው ዛሬ ማታ ይነከር።