ኮቺ፦ ቁንዶ በርበሬ የገነባት፣ ጎረቤት የጠበቃት

የዛሬው ጉዟችን የሚነሳው ከወጥ ቤታችሁ ነው። እስኪ የቁንዶ በርበሬዋን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አውርዳችሁ ክዳኗን ክፈቱና አሽትቱ። ለዚህች ጥቁር ፍሬ ሲሉ ፖርቹጋሎች አፍሪካን በመርከብ ዞረዋል፤ ደች ከፖርቹጋል፣ እንግሊዝ ከደች ጋር ተዋግቷል። አብዛኛው ግርግር የተካሄደው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት ባለችው ኮቺ ወደብና በአካባቢዋ ነው።

ኬረላ ሲባል እንግዳ እንዳይሆንባችሁ። በጃንሆይ ዘመን የተማሩ እናት አባቶቻችሁን ጠይቁ፤ ሂሳብ ወይም ፊዚክስ ያስተማሯቸውን ህንዳዊ መምህር ያስታውሱ ይሆናል። ከእነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነው።

እንደሚተረከው ኮቺን ወደብ ያደረጋት ጎርፍ ነው። በ1341 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የፔሪያር ወንዝ ሞልቶ የጥንቱን የሙዚሪስ ወደብ በደለል ደፈነው፤ በኮቺ በኩል ደግሞ ለመርከብ የሚመች መግቢያ ከፈተ። ከ1500 ጀምሮ ፖርቹጋሎች መጡ። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 የገና ዋዜማ ሕይወቱ ያለፈው እዚሁ ነው፤ አጽሙ ወደ አገሩ እስኪወሰድ ድረስ ያረፈበት የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ይህ ሰው የክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ አባት ነው። አዎ፣ በ1541 በምጽዋ በኩል 400 ወታደሮች ይዞ የመጣው፣ በማግስቱ ዓመት ከወፍላ ጦርነት በኋላ ተማርኮ በግራኝ አሕመድ የተገደለው ክሪስቶቫዎ። አባት ኮቺ፣ ልጅ ኢትዮጵያ። ደች ከተማዋን በ1663፣ እንግሊዝ በ1795 ያዛት።

ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባሕሩ ዳር፣ የቻይና መረብ ወደሚባሉት ነው። ትልልቅ የእንጨት ማማዎች ናቸው፤ መረቡ ከፊት ይንጠለጠላል፣ ከኋላ በገመድ የታሰሩ ድንጋዮች ሚዛን ይጠብቁለታል። አራት አምስት ሰዎች ውሃ ውስጥ ያወርዱትና ጥቂት ቆይተው በገመድ ስበው ያወጡታል። የሚወጣው ዓሣ ብዙ ጊዜ ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። ለፎቶ ግን ያምራል፤ ገመዱን አብራችሁ ብትስቡም ደስ ይላቸዋል፣ ጉርሻ ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወደ ማታንቸሪ ሰፈር እለፉ፤ የከተማዋ ልብ እዚያ ነው። በድሮዎቹ መጋዘኖች አካባቢ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ አፍንጫችሁን ያውዱታል። ቁንዶ በርበሬ ሐረግ ነው፤ ዛፍ ላይ እየተጠማጠመ ይወጣል፣ አረንጓዴ ፍሬው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይጠቁራል። ከ1957 ጀምሮ ነጋዴዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው እየተጯጯሁ ዋጋ ይቆርጡበት የነበረው የበርበሬ ገበያ ዛሬ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል፣ አዳራሹም ጸጥ ብሏል። ስትገዙ የተፈጨ አትግዙ። ፍሬውን ውሰዱና ጥቂቱን ውሃ ላይ ጣሉት፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ነው።

እዚያው ማታንቸሪ ውስጥ በ1568 የተሠራ የአይሁድ ምኩራብ አለ። ቦታውን የሰጣቸው የኮቺ ንጉሥ ነው፤ ያውም ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ። ፖርቹጋሎች ምኩራቡን ሲያጠቁት ከዚያው ቦታ አልተነቀሉም፤ ጠግነው ቀጠሉ። ወለሉ በእጅ በተሳሉ የቻይና ሸክላዎች የተነጠፈ ስለሆነ ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። ከ1948 በኋላ ግን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ለማኅበር ጸሎት አሥር ወንዶች ያስፈልጋሉ፤ አሁን እነሱን ማሟላት የሚቻለው ከሌላ አገር እንግዳ ሲመጣ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት የአይሁድ ቤቶች የቅርሳ ቅርስና የሻሽ ሱቅ ሆነዋል። ጎንደር አጠገብ ወለቃን ያያችሁ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ፤ ምኩራቡ አለ፣ ሸክላው ይሸጣል፣ ሠሪዎቹ የሉም።

እኔን ግን ከምኩራቡም ከመረቡም ይበልጥ የያዘኝ እዚያው መንገድ ላይ ያለ አንድ የጥልፍ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ልጅ ያልወለዱ አይሁዳዊት እናት ነበሩ፤ የሰንበት ዳቦ መሸፈኛና የጸሎት ቆብ በእጃቸው ይጠልፉ ነበር። አንድ ለቱሪስት ፖስት ካርድ የሚሸጥ የሙስሊም ልጅ ከቤቱ ጋር ተላመደ፣ ቤተኛ ሆነ። ባላቸው ሊሞቱ ሲሉ “አደራህን፣ እሷን ጠብቅልኝ” አሉት። ጠበቃቸው። እሳቸው በ2019 በ96 ዓመታቸው ሲያርፉም ሱቁን አልዘጋም፤ በእሳቸው ንድፍ የዕብራይስጥ ጥልፍ ማሠራቱን ቀጠለ። ቅርስ ጥበቃ ሲባል ቀለም መቀባትና የመግቢያ ትኬት ማሳተም ለሚመስለን ሁሉ ይህችን ሱቅ ማየት ይበጃል። ሰውየው መስጊዱን አልተወም፣ የአሮጊቷንም ሻማ አላጠፋም።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ በ2023 ሥራ የጀመረችውን የከተማዋን የኤሌክትሪክ ጀልባ አሳፍሯቸው፤ ከሙዚየሙ ይልቅ እሷን ይወዷታል። ለማታንቸሪ ግን ቀኑን አስተካክሉ፤ ምኩራቡ ቅዳሜ ለጎብኚ ዝግ ነው።