«ቻለው፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» አትበሉ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ስብራት ነው። መነሻዬ አንዲት እናት የላኩልኝ ደብዳቤ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱ ይሰበራል። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። ልጁ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። አያቱ «ቻለው የኔ ልጅ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ይሉታል። ጠዋት ጎረቤት ያለች ነርስ መጥታ ጣቶቹን ብትነካቸው በረዶ ሆነዋል። ወዲያው የታሰረውን ፈታ ሐኪም ቤት አስወሰደችው፤ እጁም ተረፈ። ግን ክንዱ ጥቂት ጎበጥ ብሎ ስለቀረ አያት «ሳይገጥምለት ፈትታ አጣመመችብን» ብለው ነርሷን አኩርፈዋታል። እናት «ማንኛቸው ናቸው ልክ?» ይሉኛል።

ውድ ጠያቂዬ፣ ልኳ ነርሷ ናት። ለምን ቢሉ፣ አጥንት ደረቅ እንጨት አይደለም። ደም የሚዘዋወርበት ሕያው አካል ነው። ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል፤ ቀጥሎ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩም ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ ለልጅ ክንድ ሳምንታት፣ ለትልቅ ሰው ጭን ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። በአንድ ሌሊት የሚገጥም አጥንት የለም! እንዲያውም በደንብ የተደገፈ አጥንት ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይብስም።

ታዲያ ልጁን ያስጮኸው ምንድን ነው? ጡንቻው ነዋ! የክንድ ጡንቻዎች ስስ ግን እንደ ልብ በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልለው ነው የሚኖሩት። ከስብራት በኋላ ክንድ ያብጣል። ቆዳ መለጠጥ ቢችልም ከላይ ቀርከሃው አላላውስ ብሎታል። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ደም ሥሮቹን ይጫንና ጡንቻው ደም ያጣል። ለስድስት ሰዓት ያህል ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ ላይመለስ ይሞታል። በዚሁ ሰበብ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን አሉ። የጎበጠ አጥንትን ሐኪም ያቃናዋል፤ በልጅነት ሲሆንማ ከዕድገት ጋር በራሱ የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። የሞተ ጡንቻን ግን ማንም አያስነሳውም።

ይህን የምለው ወጌሻ ለመንቀፍ አይደለም። ሐኪም ቤት የተደረገ ጄሶም ከጠበቀ አደጋው ያው ነው። ስለዚህ ስብራቱ ከታሰረ በኋላ ልጁን በየሰዓቱ እዩት። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉት ክንዱ ውስጥ ክፉኛ ካመመው፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም አልታዘዝ ካሉ ነገሩ አስጊ ነው። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀይ ካልሆነ ደም እየደረሰው አይደለም። ጥፍሩ ደህና ቢመስልም ሕመሙ ከባሰ አትዘናጉ። ጨርቁን እስከ ቆዳው ድረስ ፍቱት፤ ክንዱን ደግፋችሁ፣ ሳይነጋ ሐኪም ቤት ሩጡ። ጄሶ ከሆነማ ለማስቀደድ አንድ ደቂቃ አትቆዩ።

ጠያቂዬ፣ አያትየውንም አይቀየሟቸው፤ ልጁን ከመውደድ ነው ያሉት። ይልቅ ቡና ያፍሉና ነርሷን ይጥሩ። ልጁም በዚያው በዳነው እጁ ስኒውን ለአያቱ ያቀብል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!