ስለቱ የእናት፣ ጥሪው የልጅ

«ይህን ልጅ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ያለች እናት በሀገራችን ብርቅ አይደለችም። ልጅ ታሞ ሲድን፣ ወንድ ልጅ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ፣ አባወራው ከእስር ሲፈታ ስለት ይገባል። በኦርቶዶክስ ቤት ልጁ ለዲቁና ይታሰባል፤ በካቶሊክ ቤት ደግሞ «ይኼኛው አባ ይሆንልኛል» ይባላል። ቀበና ላይ የካቶሊክ ቤት በጣት የሚቆጠር ቢሆንም ስለቱ በእነዚህም ቤቶች አለ። እኛ ቤት እናታችን የተሳለችው ታላቅ ወንድሜን ነበር።

ወንድሜ ካህናት ወደሚሠለጥኑበት ዘርዓ ክህነት ገባ፤ የፍልስፍናውን ትምህርት ጨርሶ ወጣ። ማንም አላባረረውም፤ ጥፋትም አልተገኘበትም። ጸልዮ፣ ከነፍስ አባቱ ጋር ተመካክሮ፣ «የእኔ መንገድ ይህ አይደለም» ብሎ ነው የወጣው። ሰፈሩ ግን የየራሱን ምክንያት ፈጠረለት። አንዱ «ሴት ናት» አለ፤ ሌላው «ትምህርቱ ከብዶት ነው» አለ፤ ከንፈር የመጠጡለትም ነበሩ። እናቴ ለልጇ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። ነገር ግን ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ከሰው ጋር ቆማ መጫወት ትታ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። ስለቷ እንደቀረባት ታስብ ነበር፤ እሱም እንደምታስብ ያውቅ ነበር። የሁለቱ ዝምታ ለዓመታት ቤታችን ውስጥ አብሮን ኖረ።

ዛሬ በየቁምስናው «ካህን መሆን እፈልጋለሁ መሰለኝ» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ከቀበናም፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም፣ ከየካ ሚካኤል አካባቢም ይመጣሉ። ለእነሱ ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። እኔ በዚህ ዓምድ መናገር የፈለግሁት ለቤተሰቦቻቸውና ለምእመኑ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፤ ከዘርዓ ክህነት አጣርቶ መውጣት ለጥሪ የሚሰጥ እውነተኛ መልስ ነው። እንደ ክህደትና እንደ ውድቀት መቁጠሩን እንተው።

ይህን የምለው ለወንድሜ ስለማደላ ብቻ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ራሱ ይህን ይላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና የእኛን የግዕዝ ሥርዓት የሚመለከተው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ፣ በቁጥር 756፣ ማንንም ሰው በምንም መንገድና በምንም ምክንያት ክህነት እንዲቀበል ማስገደድን ይከለክላል፤ ብቁ ሆኖ የተገኘውን ማስቀረትንም እንዲሁ ይከለክላል። ለላቲን ሥርዓት በ1983 የወጣው ሕግም በቁጥር 1026 ተመሳሳይ ነገር ይደነግጋል። «በምንም መንገድ» ሲል የእናት እንባንም ይጨምራል ብዬ አምናለሁ። የአባት ኩራት፣ የቁምስናው የሽኝት ግብዣ፣ «የኛ አባ» እያሉ በአሥራ ስድስት ዓመቱ መጥራት፣ እነዚህ ሁሉ ዱላ ያልያዙ ማስገደጃዎች ናቸው።

ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋኝም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን እያንዳንዱ ልጅ ይቆጠራል። አንድ ወጣት ዘርዓ ክህነት ሲገባ የሚሸኘው ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን ቁምስናው በሙሉ ነው፤ ሲወጣም በሁሉም ፊት ነው የሚወጣው። ሌላም በግልጽ የማይነገር ነገር አለ። ለድሃ ቤት ልጅ ዘርዓ ክህነት ጥሩ ትምህርት፣ የተረጋጋ መኝታና በሰዓቱ የሚቀርብ ምግብ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ የሚገባ ልጅ አለ፤ እግዚአብሔርም በዚያ በር አስገብቶ እውነተኛ ካህን ሊያደርገው ይችላል። ሆኖም ቤት ቢመለስ የሚበላው እንደማይኖር የሚያውቅ ልጅ «መንገዴ አይደለም» ለማለት ነጻ ነው ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ሀገረ ስብከቶቻችንና ማኅበራቱ ለሚወጣው ልጅ ትምህርቱን የሚጨርስበትን መንገድ ቢያዘጋጁለት፣ ይህ ምጽዋት ሳይሆን የጥሪ ሥራው አንድ ክፍል ነው።

መንገዱ ረጅም የሆነውም እኮ ለማጣራት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ከቫቲካን የወጣው የካህናት አሠለጣጠን መመሪያ ከፍልስፍና በፊት የመዘጋጃ ጊዜ እንዲኖር አዝዟል። ፍልስፍናና ነገረ መለኮቱ በሁለቱም ሕጎች ከስድስት ሙሉ ዓመት ሊያንስ አይችልም። ዲቁና ከ23 ዓመት በፊት አይሰጥም፤ ቅስና በምሥራቁ ሕግ ከ24፣ በላቲኑ ከ25 ዓመት በፊት አይፈቀድም። ወደ ገዳማዊ ማኅበር የሚገባው ደግሞ በዚህ ላይ አመክሮ አለበት። ይህ ሁሉ ዓመት የተቀመጠው ልጁ ቤተ ክርስቲያንን፣ ቤተ ክርስቲያንም ልጁን እንድትመረምረው ነው። እጮኝነት የሚኖረው ሁለት ሰዎች እንዲተዋወቁ ነው፤ ከሠርግ በፊት «አንሆንም» ያሉትን «ትዳር አፈረሱ» የሚል የለም። ታዲያ ቃል ኪዳኑን ሳይገባ በጊዜ የተመለሰውን ወጣት ስለምን ቃል እንዳፈረሰ እንቆጥረዋለን?

የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን በዚህ ላይ የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። «ዲያቆን አግብቶ ይቀስስ የለ? የእናንተው ለምን ሳያገባ?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእነሱ ዘንድ ዲያቆኑ ከቅስና በፊት ይወስናል፤ ወይ በቁርባን ያገባል፣ ወይ ይመነኩሳል። የምሥራቁ የካቶሊክ ሕግም ያገባ ሰው እንዲቀስስ በሩን አልዘጋም። በተግባር ግን በሀገራችን በወጣትነቱ ዘርዓ ክህነት የሚገባው በድንግልና ለመኖር ራሱን እያዘጋጀ ነው። ስለዚህ የሚያጣራው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው፤ መሠዊያውን፣ ብቸኝነቱንም። ቅዳሴውን የሚወድ፣ ሰው የሚወደው፣ ጸሎት የማይሰለቸው ልጅ ሆኖ ያለ ሚስትና ያለ ልጅ የመኖር ጸጋ ያልተሰጠው ሊሆን ይችላል። ይህን በ22 ዓመቱ ተረድቶ የሚናገር ሰው በ40 ዓመቱ ከሚረዳው ይልቅ ለራሱም ለመንጋውም ይሻላል።

በጊዜ ስለመወሰን ስናገር ግን መቸኮል እንዳይመስልብኝ። በሀገራችን ጥሪውን በማጣራት ከብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1791 ጎጃም ውስጥ ዲቦ በተባለ ቦታ ተወለዱ፤ አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው አጡ፤ መርጡለ ማርያም ገብተው መነኮሱ። መንኩሰውም ፍለጋቸው አላበቃም። የምንኩስናን ሥርዓትና መጻሕፍቱን ሲመረምሩ ከገዳም ገዳም ዞሩ፤ በጎንደርም በሊቃውንት ጉባኤ ተከራከሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከተላከው መልእክተኛ ጋር ሄዱ። የልዑካኑ መሪ ሆኖ አብሯቸው የተጓዘው ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር፤ እስከ ሮምና እስከ ኢየሩሳሌምም ዘለቁ። ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገቡት ግን ከዚያ ጉዞ ከተመለሱ በኋላ፣ በ1844፣ ሃምሳውን አልፈው ነው። ቅስና የተቀበሉት በ1851 ነው። ስልሳ ዓመታቸው ነበር! ካህን ሆነው የኖሩት አራት ዓመት ብቻ፣ ከዚያም ላይ የተወሰነውን በእስር ነበር። በ1855፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት መጀመሪያ፣ በሰንሰለት እንደታሰሩ ዐረፉ። በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን አወጁ።

የሃይማኖት ክርክሩን ለማንሳት አይደለም ታሪካቸውን የጠቀስኩት። ያ ዘመን በሁለቱም ወገን ያቆሰለ ዘመን ነው፤ የኦርቶዶክስ አንባቢዬም በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። እኔን የሚደንቀኝ የሰውየው ትዕግሥት ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ማንም «አሁንስ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ ሊያስቸኩላቸው አልቻለም። ደ ያቆቢስም አላስቸኮላቸውም፤ አብሯቸው ተጓዘ፣ አብሯቸው ግዕዝ አጠና፣ መጽሐፍ አብረው አዘጋጁ። ጥሪን የሚያግዝ ካህን ሥራው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁን መመልመሉን ይተውና አብሮት ይሂድ።

እንዴት ይለያል ለሚለው ቤተ ክርስቲያን ብዙ የተፈተነ ምክር አላት። ከሁሉ የሚጠቀሰው የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ነው፤ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1555 ለዐፄ ገላውዴዎስ ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው። ወታደር ነበር። በ1521 ፓምፕሎና ላይ እግሩን ቆስሎ በተኛበት አንድ ነገር አስተዋለ። ስለ ዝናና ስለ ጀብዱ ሲያልም ደስ ይለውና ኋላ ባዶነት ይሰማዋል፤ የቅዱሳንን ሕይወት አንብቦ ያንን ለመከተል ሲያስብ ግን ደስታው ሐሳቡ ካለፈ በኋላም አብሮት ይቆያል። ከዚህ ተነስቶ የጻፈው ምክር ቀላል ነው፤ ልብህ በጨለመበት ቀን የቀድሞ ውሳኔህን አትለውጥ። ይህ ለመግባትም ለመውጣትም ይሠራል። ከፈተና ውጤት ማግስት፣ ከአለቃ ቁጣ ማግስት፣ ከቤት መጥፎ ወሬ በመጣበት ሌሊት ሻንጣ አይታሰርም። ሰላም በሰፈነበት ወር ተደጋግሞ የሚመጣውን ሐሳብ ነው መስማት። ኢግናጥዮስ ራሱ ከቆሰለ እስኪቀስስ 16 ዓመት ፈጅቶበታል።

ለቀበና ወጣት ደግሞ የእኔን ልጨምር። ጥሪህን በክፍልህ ተቀምጠህ ብቻ አትፈልገው። እርግጥ ዝምታ ያስፈልጋል፤ ከላያችን እንጦጦ አለ፣ በባሕር ዛፉ መሐል ብቻውን ሲጸልይ የሚውል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ከጸሎቱ በኋላ ግን ውረድ። ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ እኅቶች ቤት ሂድና የታመመ ሰው አጥበህ፣ አብልተህ ተመለስ። ምኒልክ ሆስፒታል ጠያቂ ያጣ ሕመምተኛ አጠገብ ተቀመጥ። ይህን ለአንድ ቅዳሜ ሳይሆን ለአንድ ዓመት አድርገው። ካህን የሰው ሕመምና ኃጢአት ሲሰማ የሚውል ሰው ነው፤ ይህ የሚያስመርርህ ከሆነ አሁን ብታውቀው ይሻላል፣ በደከመህ ቀን እንኳን ወደዚያ የሚስብህ ከሆነም ለነፍስ አባትህ ንገረው።

ልብሱንና ክብሩን የሚመኝ ካለ ደግሞ እዚሁ ስድስት ኪሎ ታሪክ አለለት። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ ከመካከላቸው አንዱ፣ ሉሲየን ማት፣ ነበሩ። የካህን ልብስ ሳይለብሱ፣ ማንንም ወደ ሃይማኖታቸው ሳይስቡ፣ እንደ ማንኛውም መምህር ኖሩ። ተማሪው ብዙ ጊዜ መስቀል ሳይስማቸው አለፋቸው፤ እነሱ ግን በየዕለቱ ካህናት ነበሩ። በደርግ ጊዜም እንዲሁ፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ካርዲናል የሆኑት ብፁዕነታቸው ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል በ1976 ቀስሰው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ታስረው ሰባት ወር ከርመዋል። ካህን የሚሆነውን የሚጠብቀው ይህ ሊሆን ይችላል። ለዚህ «እሺ» ማለት የሚችለው በነጻነት የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ የእናቱን ስለት ለማድረስ የመጣ ሰው የመጀመሪያው መከራ ሲመጣ የሚደገፍበት የራሱ ቃል የለውም።

ወንድሜ ዛሬ መምህርና የልጆች አባት ነው። እሑድ እሑድ መልእክት የሚያነበው፣ ለቁርባን የሚዘጋጁ ሕፃናትን የሚያስተምረው፣ ሰው ሲሞት ፍትሐቱን ከቆሞሱ ጋር የሚያስተባብረው እሱ ነው። እነዚያ የዘርዓ ክህነት ዓመታት የትም አልባከኑም። እናታችን ይህን እያየች አርጅታለች፤ ግን በዚያ ጊዜ አንድ ሰው፣ አንድ ካህን ወይም አንዲት ጎረቤት፣ ቀርቦ «ልጅሽ እግዚአብሔርን አልከዳም፤ ስለትሽንም ተቀብሎልሻል» ቢላት ኖሮ ከብዙ ዓመት ሐዘን ትተርፍ ነበር።

እናቶች ሆይ፣ ተሳሉ፣ ጸልዩ፤ ግን ስለታችሁ በእናንተው ይሁን፣ በጾማችሁ፣ በምጽዋታችሁ፣ ለድሃ በምታደርጉት። ልጁን ግን «ሂድ» ብላችሁ ስትመርቁት «ብትመለስም ቤትህ ነው» የሚለውን ቃል አብራችሁ ንገሩት። ቆሞሶቻችንም ወደ ዘርዓ ክህነት የሚገባውን በሽኝት ቅዳሴ እንደምትሸኙት ሁሉ፣ የተመለሰውን በዚያው መሠዊያ ፊት በስሙ ጠርታችሁ ተቀበሉት፤ በማግስቱም ሥራ ስጡት።